የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ፦ ከሥነ ጽሑፍ፣ ከታሪክ ወይስ ከባህል? ሰባት አማራጮች በመስፈርት ሲመዘኑ

የመመረቂያ ጽሑፍ ጊዜ ሲደርስ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ፣ በታሪክ፣ በፎክሎርና በባህል ጥናት ክፍሎች የሚሰማው ጥያቄ በየዓመቱ አንድ ነው፤ «ምን ላይ ልሥራ?» የሚል። በእነዚህ መስኮች ጭንቀቱ የሚብሰው ርዕስ ጠፍቶ አይደለም። ሁሉም ስለሚያምር ነው። ዓድዋ ያምራል፣ «ፍቅር እስከ መቃብር» ያምራል፣ የአያቶቻችን ሙሾና ፉከራ ያምራል፣ ቅኔ ያምራል። ተማሪው አንዱን ይወድና ይመርጣል፤ ፕሮፖዛሉ ከጸደቀ ከሁለት ወር በኋላ ግን ቁጭ ብሎ የሚሠራበት ማስረጃ እንደሌለው ይገባዋል። ያኔ ርዕስ ለመቀየር ጊዜው አልፏል።

ስለዚህ አቋሜን ከመነሻው ልናገር። ርዕስ የሚመረጠው በማስረጃው ነው። «ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ የማነበው፣ የማዳምጠው ወይም የምቆጥረው ነገር ይህ ነው» ብላችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻላችሁ የያዛችሁት ምኞት ነው፣ ርዕስ አይደለም። ከዚህ በታች ያሉትን ሰባት አማራጮች የመዘንኩት በዚህ ዓይን ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በአንድ ወሰነ ትምህርት፣ የማስተርስ ተማሪ ደግሞ በአንድ ዓመት አካባቢ ሊጨርሰው የሚችል ሥራን አስቤያለሁ።

መጀመሪያ መመዘኛዎቹ

ከሁሉ የሚቀድመው ማስረጃው የት እንዳለ ማወቅ ነው። መጽሐፉ እጃችሁ ላይ አለ? ጋዜጣው የትኛው ቤተ መጻሕፍት፣ የትኛው ክፍል እንደሚገኝ አይታችኋል? የሚነግሯችሁ ሽማግሌ ጤናቸው እንዴት ነው? «እዚያ ገዳም ውስጥ አለ ይባላል» የተባለ ሰነድ እስክታዩት ድረስ እንደሌለ ቁጠሩት።

ሁለተኛው ችሎታ ነው። ግዕዝ፣ ዐረብኛ፣ ጣሊያንኛ ወይም የአካባቢውን ቋንቋ የሚጠይቅ ርዕስ አለ። በአንድ ወሰነ ትምህርት ውስጥ አዲስ ቋንቋ ተምሮ በዚያው ቋንቋ ምርምር መሥራት አይቻልም። አስተርጓሚ መያዝ ይቻላል፤ ነገር ግን ቃሉ ራሱ ጥናታችሁ በሆነበት ሥራ ላይ በአስተርጓሚ መተማመን አደጋ አለው።

ሦስተኛው የቀን መቁጠሪያው ነው። የምርምር ዘዴ መማሪያዎች ብዙውን ጊዜ ይህን አያነሱትም፤ በእኛ አገር ግን የተማሪን ሥራ እንደዚህ የሚያበላሽ ነገር ጥቂት ነው። በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል የሚባለው የልጃገረዶች ጨዋታ የሚጀምረው ነሐሴ 16 ነው። በዚያ ወቅት አብዛኛው ተማሪ እረፍት ላይ ነው፤ ርዕስም አልመረጠም። ጥምቀት ጥር 11 ላይ ይውላል፤ ፕሮፖዛል ግን ብዙ ጊዜ የሚጸድቀው ከዚያ በኋላ ነው። በዐቢይ ጾም ሠርግ የለም፤ ስለዚህ የሠርግ ዘፈን ለመቅዳት ያለው ዕድል ጥርና ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታት ናቸው። በመኸር ወቅት ገበሬን ለሁለት ሰዓት ቃለ መጠይቅ አስቀምጣለሁ ማለት ደግሞ ነውርም ነው፤ የዓመት ጉርሱን እየሰበሰበ ነው።

አራተኛው ወጪ ነው። ትራንስፖርትና ማደሪያ ብቻ አይደለም። ፎቶ ኮፒ አለ፣ የሞባይል ካርድ አለ፣ ሽማግሌ ቤት ስትሄዱ የምትይዙት ቡናና ስኳር አለ። መንገድ ሊዘጋ የሚችልበት አካባቢ ከሆነ ሁለተኛ ጉዞ ሊያስፈልግ እንደሚችል አስቡ፤ ለደህንነታችሁም የሚያሰጋ ከሆነ ርዕሱን ተዉት።

አምስተኛ፣ ስንት ሰው ሠርቶበታል? የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች በኢንተርኔት የሚታዩበት ማከማቻ አለ። ስድስት ኪሎ በሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትም የቀደሙ ተማሪዎች ሥራ ይገኛል። አንድ ከሰዓት በኋላ እዚያ ማሳለፍ ብዙ ድካም ያድናል።

የመጨረሻው የሰው አደራ ነው። ስለ ሟች የተለቀሰ ሙሾ፣ በሽምግልና የተፈታ የደም ጉዳይ፣ የቤተሰብ ታሪክ፣ እነዚህ ሁሉ ባለቤት አላቸው። ፈቃድ መጠየቅና ስም መደበቅ የሚያስፈልግበት ርዕስ ጊዜም ጥንቃቄም ይጨምራል።

1. የታተመ ልብ ወለድና ግጥም

ይህ ርካሹና ቀላሉ መንገድ ነው። ማስረጃው መጽሐፉ ነው፤ ገዝታችሁ ወይም ተውሳችሁ ዶርም ውስጥ ትሠሩታላችሁ። የቀን መቁጠሪያ አያስጨንቅም፣ መንገድ አይዘጋም፣ ፈቃድ የሚጠየቅ ሰው የለም። ሥራ እየሠሩ በማታው ክፍለ ጊዜ ለሚማሩ ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ መጨናነቁ ነው። በ1958 ዓ.ም. በታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ የገጸ ባሕርይ አሳሳል ላይ ወይም ጉዱ ካሣ በፊውዳሉ ሥርዓት ላይ ስላለው ትችት መጻፍ የብዙ ሰው ዱካ ያረፈበት መንገድ ነው። አማካሪያችሁ ምዕራፍ ሁለትን ሳያነበው ሊገምተው ይችላል። መውደዳችሁን አልነቅፍም፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን በዚያ መጽሐፍ ላይ መሥራት ከፈለጋችሁ ሰው ባልቆመበት ቦታ ቁሙ። ለምሳሌ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከው ንባብ ከታተመው ጽሑፍ ጋር ሲነጻጸር ድምፁ ለየትኛው ገጸ ባሕርይ ምን ጨመረ? ይህ የሚደመጥና የሚነበብ ማስረጃ አለው።

ሥነ ጽሑፍን ከታሪክ ጋር ማጋባት ለሚፈልግ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ጥሩ መነሻ ነው። በቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ በኤርትራ የታየውን መሠረት አድርጎ ተጻፈ፣ በ1975 ዓ.ም. ታተመ፣ ታገደ፣ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መጽሐፉን በዘመቻው ወቅት ስለ ዘመቻው ከወጡት የመንግሥት ጋዜጦች ጎን አስቀምጦ ማንበብ አንድ ሙሉ የማስተርስ ሥራ ይወጣዋል።

ያልተነካ ነገር ለሚፈልግ ደግሞ የምመክረው ወደ ሴት ጸሐፊዎች መመልከትን ነው። ስንዱ ገብሩን ብዙ ተማሪ የሚያውቃት በወረራው ዘመን ጣሊያን አገር በመታሰሯ፣ በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርነቷና በፓርላማ አባልነቷ ነው፤ ጸሐፊነቷን ግን ጥቂት ሰው ያነሣል። እንዲህ ያለ ርዕስ ስትመርጡ መጽሐፉ እንደልብ በየመደብሩ ስለማይገኝ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት) ወይም የጥናትና ምርምር ተቋሙ ድረስ መሄድ ግድ ነው። ያ ድካም ግን የሚያኮራ ነው።

2. ሥነ ቃል

ለአብዛኛው የገጠር ወይም የአነስተኛ ከተማ ልጅ ከሁሉ የምመርጥለት ይህን ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ እናንተ ያላችሁትን ማስረጃ ሌላ ሰው የለውም። የእናታችሁን እሹሩሩ፣ የሰፈራችሁን አልቃሽ ሙሾ፣ የአጎታችሁን ቀረርቶ ሊቀዳ የሚችል ከእናንተ የቀረበ ማን አለ? የአካባቢውን አነጋገር ታውቃላችሁ፣ ማደሪያ አትከፍሉም፣ ሰዉም ያምናችኋል።

የዘርፉ ስፋት ያስደስታል። የሥራ ዘፈን አለ፣ የደቦ፣ የአጨዳ፣ የውቂያ። ሽለላና ፉከራ አለ። እንጉርጉሮ አለ። በወሎ መንዙማ አለ፤ ይህ ግን ዐረብኛ ስለሚቀላቀልበት የቁርኣን ትምህርት ያለው ተማሪ ቢይዘው ይሻላል። ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ምሳሌያዊ አነጋገርም አለ፤ በእነዚህ ሦስቱ ላይ ግን አደጋው «ሰብስቦ መደርደር» ነው። መቶ ምሳሌያዊ አነጋገር ሰብስቦ በርዕስ በርዕስ መክፈል ጥናት አይደለም። ማን፣ ለማን፣ ምን ሲሆን ተናገረው የሚለው ነው ጥናቱ። አንድ የእድር ስብሰባ ላይ ተቀምጣችሁ ክርክሩ ሲከር ማን በየትኛው ተረት እንዳበረደው ብትመዘግቡ ከመቶው ይበልጣል።

ለዘዴው ፈቃደ አዘዘ በ1991 ዓ.ም. ያሳተሙት የሥነ ቃል መምሪያ አሁንም ከተማሪ እጅ የማይጠፋ መጽሐፍ ነው። ከመስክ በፊት ይነበብ።

አሁን ወደ ከባዱ ጎን። አንድ ሰዓት የተቀዳ ድምፅ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ቢያንስ አራት ሰዓት ይፈልጋል፤ ግጥም ሲሆን፣ ጭብጨባና እልልታ ሲቀላቀልበት፣ ከዚያም በላይ። ሃያ ሰዓት ቀድቶ የተመለሰ ተማሪ ደስ ብሎት ይመጣና ግንቦት ላይ ያለቅሳል። ለመጀመሪያ ዲግሪ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ጥሩ ቅጂ ይበቃል። በየቀኑ የቀዳችሁትን በዚያው ምሽት በፍላሽና በስልክ ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል።

ሙሾን በተመለከተ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልበል። ሐዘን ቤት ገብቶ ስልክ መደቀን አይገባም። ለቅሶ ቀጠሮ የለውም፣ እናንተም የሰው ሞት ልትጠብቁ አትችሉም። የሚሻለው አልቃሿን ከሐዘኑ ውጭ፣ ቤቷ ሄዶ፣ ቡና ተፈልቶ፣ የምታስታውሰውን እንድትነግራችሁ መጠየቅ ነው። የሟቹን ስም ቀይሩ። ድምፁ ያለ እንባው ይጎድላል፤ ያንን ጉድለት በጽሑፋችሁ ውስጥ በግልጽ አስፍሩት።

3. ቅኔና የብራና መጻሕፍት

እዚህ ላይ አጭር እሆናለሁ፤ ምክንያቱም ምርጫው በአንድ ጥያቄ ያልቃል። ግዕዝ ታውቃላችሁ? የአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ተማሪ በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማንም የማይወዳደረው ሀብት አለው፤ ያንን ትቶ በታወቀ ልብ ወለድ ላይ ሲሠራ ሳይ ያሳዝነኛል። ከአንድ የቅኔ መምህር በሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ወይም በስምንት ቤቱ መወድስ ጥቂት ቅኔዎች ተቀብሎ፣ ሰምና ወርቁን ከመምህሩ ማብራሪያ ጋር መተንተን ጠንካራ ሥራ ነው። ግዕዝ የማያውቅ ተማሪ ግን ስለ ቅኔ ውበት በአማርኛ መጻሕፍት የተባለውን ከመድገም አያልፍም።

ብራናዎችን በተመለከተ ጥሩ ዜና አለ። በ1960ዎቹ በተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ የተነሡት በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎች ቅጂያቸው አሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል። ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚሁ ካታሎግ ነው። ብዙው አሁን በኢንተርኔት በነፃ ተመዝግቦ ይነበባል፤ ስለዚህ ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ያለ ተማሪም ሊሠራበት ይችላል። የታሪክ ተማሪዎች ዋናውን ጽሑፍ ትተው በኅዳጉ ላይ የተጻፉትን ማስታወሻዎች ቢያዩ ይጠቀማሉ፤ የመሬት ሽያጭ፣ ስጦታ፣ ኑዛዜ የተመዘገበው እዚያ ነው።

4. ታላላቅ የታሪክ ክስተቶች

«የዓድዋ ድል መንስኤና ውጤት» ርዕስ አይደለም፤ የክፍል ፈተና ጥያቄ ነው። ስለ ውጫሌ ውል አንቀጽ 17፣ ስለ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ውሎ የሚታወቀው ሁሉ ታትሟል፤ አዲስ ነገር ለመጨመር ደግሞ የጣሊያንኛ ሰነድ ማንበብ ያስፈልጋል። ስለ 1928ቱ ወረራ፣ ስለ የካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ፣ ስለ 1966ቱ አብዮትም እንዲሁ። ክስተቱ በገዘፈ መጠን የተማሪው ድርሻ ይቀጥናል።

ግን እነዚህን ርዕሶች መተው የለባችሁም። አጥብቡ። የትዝታ ጥናት አንዱ መንገድ ነው፤ ክስተቱ እንዴት ተፈጸመ የሚለውን ትታችሁ፣ ሰው እንዴት ያስታውሰዋል የሚለውን ጠይቁ። በሰፈራችሁ በአርበኛ ስም የተሰየመ ትምህርት ቤት አለ? ተማሪዎቹ ስለዚያ ሰው ምን ያውቃሉ? የአርበኛው ቤተሰብስ ምን ይላል? ይህ በትንሽ ወጪ ይሠራል። የ1966ቱን አብዮት የኖሩት ሰዎች ደግሞ አሁን በመካከላችን አሉ፤ የዘመቻ ትዝታቸውን፣ የቀበሌ ሕይወታቸውን መጠየቅ ይቻላል። እዚህ ላይ የሰው አደራ የሚለው መስፈርት ይከብዳል። የቀይ ሽብር ቁስል ያልዳነበት ቤት ብዙ ነው፤ ልምድ ያለው አማካሪ ሳይኖራችሁ አትግቡበት።

5. የአካባቢ ታሪክ

የአንድ ከተማ፣ የአንድ ትምህርት ቤት፣ የአንድ ገበያ ታሪክ። ከታሪክ ተማሪዎች ሥራ ውስጥ ከዓመታት በኋላ ሌላ ሰው ፈልጎ የሚያነበው እንዲህ ያለውን ነው፤ ስለ ትንሽ ከተማ የተጻፈ ሌላ ነገር ስለማይኖር። የባቡር ከተሞች ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ድሬዳዋ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ተቆረቆረች፤ ከዚያ እስከ አዲስ አበባ ባሉት ጣቢያዎች ዙሪያ ያደጉት ሰፈሮች እያንዳንዳቸው ታሪክ አላቸው። የባቡር ጡረተኞችና ልጆቻቸው የሚያወሩት ብዙ ነው።

ፈተናው የጽሑፍ ማስረጃው ነው። የማዘጋጃ ቤት መዝገብ በጆንያ ታስሮ ጣሪያ ስር የሚገኝበት፣ «ቁልፉ ከእገሌ ጋር ነው፣ እሱ ደግሞ ስልጠና ሄዷል» የሚባልበት ቦታ ብዙ ነው። ከትምህርት ክፍላችሁ የትብብር ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱ፤ ደብዳቤው ለማን እንደሚጻፍ አስቀድማችሁ በስልክ አጣሩ። ያለ ሰነድ በቃለ መጠይቅ ብቻ የተሠራ የከተማ ታሪክ ዓመቶቹ ይምታታሉ። ሽማግሌ «በጃንሆይ ጊዜ» ሲሉ 1920ዎቹም፣ 1950ዎቹም ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ልጅ ነበሩ ወይስ ያገቡ፣ ከጣሊያን በፊት ነው በኋላ እያላችሁ መጠየቅ ያስፈልጋል።

6. የድሮ ጋዜጦችና መጽሔቶች

ከሰባቱ ሁሉ ያለ አግባብ የተዘነጋው ይህ ነው። «ብርሃንና ሰላም» ከ1917 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ወረራው ይታተም ነበር። «አዲስ ዘመን» ከግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዛሬ አለ። ከ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ በኋላ የፈሉት የግል ጋዜጦችና መጽሔቶች ደግሞ ገና ትኩስ ታሪክ ናቸው፤ ብዙዎቹ ተዘግተዋል፣ ቅጂያቸውም ከቤት ቤት እየተጣለ ነው። ወመዘክርና የጥናትና ምርምር ተቋሙ ውስጥ ተጠርዘው የተቀመጡ ታገኛላችሁ።

ይህ አማራጭ ደስ የሚለኝ ሦስቱንም መስክ ስለሚያገናኝ ነው። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ በአንድ መጽሔት የወጡ አጫጭር ልብ ወለዶችን፣ በመጽሐፍ ያልታተሙትን፣ ሊሰበስብ ይችላል። የባህል ተማሪ የጋብቻና የሐዘን ማስታወቂያዎችን፣ የአንባቢ ደብዳቤዎችን ያያል። የታሪክ ተማሪ ደግሞ አንድን በዓል በተለያዩ መንግሥታት ሥር ያነጻጽራል። ቅድም ያልኩትን ዓድዋ እንውሰድ። ከ1950 እስከ 1990 ዓ.ም. በየአምስት ዓመቱ የየካቲት 22፣ 23 እና 24 እትሞችን ብትመርጡ ቢበዛ 27 ጋዜጣ ነው። በንጉሡ ዘመን፣ በደርግና ከዚያ በኋላ ያው ድል በማን ስም፣ በየትኛው ፎቶግራፍ፣ በስንተኛው ገጽ ተወራ? ማስረጃው የተወሰነ ነው፣ ይቆጠራል፣ ማንም ሊያረጋግጠው ይችላል። ለፈታኝ የሚቀርብ ሥራ እንዲህ መሆን አለበት።

ገደቡ ግልጽ ነው፤ አዲስ አበባ መኖር ወይም ለሁለትና ሦስት ሳምንት መምጣት ያስፈልጋል። ወረቀቱ ያረጀ ስለሆነ ፎቶ ማንሣት መፈቀዱን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ካልተፈቀደ በእጅ ለመገልበጥ የሚወስደውን ጊዜ በዕቅዳችሁ ውስጥ አስገቡ። ደግሞም ጋዜጣ የሚነግራችሁ የተጻፈውን እንጂ የሆነውን አይደለም። የመንግሥት ጋዜጣ ሳንሱር የሚደረግበት እንደነበር ረስቶ «ሕዝቡ በደስታ ተቀበለ» የሚለውን እንደ እውነት የጻፈ ተማሪ በዲፌንስ ቀን ይቸገራል።

7. በዓላትና ማኅበራዊ ተቋማት

በዓል ላይ መሥራት የሚፈልግ ተማሪ ብዙ ነው። መስቀል በ2006፣ ፍቼ ጨምበላላ በ2008፣ ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገቡ ወዲህ ፍላጎቱ ጨምሯል። አደጋው ሥራው የቱሪስት በራሪ ወረቀት መምሰሉ ነው፤ ዋዜማው እንዲህ፣ ዕለቱ እንዲህ፣ ማግስቱ እንዲህ እያለ ያልቃል። በዓሉን በአንድ ጥያቄ ውጉት። በአዲስ አበባ በጥምቀት ታቦቱ በሚያልፍበት መንገድ ምንጣፍ የሚያነጥፉትን ወጣቶች ውሰዱ። ማን አደራጃቸው? ገንዘቡ ከየት መጣ? ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ጋር ያላቸው ግንኙነት ምንድን ነው? ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ ሰፈር ውስጥ ስለሚገኙ ጥር ቢያልፋችሁም ሥራው አይቆምም።

የተቋማቱ ጉዳይ ግን ከበዓሉም ይበልጥብኛል። እድርን ተመልከቱ። መተዳደሪያ ደንብ አለው፣ ቃለ ጉባኤ አለው፣ የመዋጮ መዝገብ አለው፣ የቅጣት ሠንጠረዥ አለው። በጽሑፍም በቃልም ማስረጃ የሚሰጥ፣ በእግር አምስት ደቂቃ ላይ የሚገኝ፣ በየወሩ የሚሰበሰብ የባህል ተቋም ነው። ደንቡ በየጊዜው የተሻሻለባቸውን አንቀጾች ብቻ ተከትላችሁ የሰፈሩን ለውጥ ልታነቡ ትችላላችሁ፤ ለማን ቤተሰብ ድንኳን ይተከላል፣ ተከራይ አባል መሆን ይችላል ወይ፣ ሴት በራሷ ስም ትመዘገባለች ወይ። ገንዘብ ለሌለው የከተማ ተማሪ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ሰብሳቢውን በአባታችሁ ወይም በእናታችሁ በኩል አስፈቅዱ፤ የአባላት ስም አይውጣ።

ሽምግልና ከዚህ ይለያል። ጉባኤው ለማያገባው ሰው ዝግ ነው፣ ምስጢሩም የተከራካሪዎቹ ነው። ሽማግሌዎቹን ስለ ሥርዓቱ መጠየቅ ይቻላል፤ በሂደት ላይ ያለ ጉዳይ ውስጥ ግን አትግቡ።

በአጭሩ ሲታይ

| አማራጭ | ማስረጃው የት ነው | የሚጠይቀው ችሎታ | ወጪ | የጊዜ ጣጣ | መጨናነቅ |
|---|---|---|---|---|---|
| ልብ ወለድና ግጥም | መጽሐፉ | ጥልቅ ንባብ | በጣም ዝቅተኛ | የለም | በጣም ከፍተኛ |
| ሥነ ቃል | ሰው ዘንድ | የአካባቢው አነጋገር፣ መገልበጥ | አገር ቤት ከሆነ ዝቅተኛ | ከፍተኛ | መካከለኛ |
| ቅኔና ብራና | መምህራን፣ ገዳማት፣ ኢንተርኔት | ግዕዝ | ከዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | መካከለኛ | ዝቅተኛ |
| ታላላቅ ክስተቶች | መጻሕፍት፣ የውጭ ሰነድ፣ ትዝታ | የውጭ ቋንቋ ወይም ጥብቅ ማጥበብ | እንደ አጠባበቡ | ዝቅተኛ | በጣም ከፍተኛ |
| የአካባቢ ታሪክ | መዝገብ ቤትና ሽማግሌዎች | ሰነድና ቃል ማመሳከር | መካከለኛ | መካከለኛ | ዝቅተኛ |
| የድሮ ጋዜጣ | አዲስ አበባ ያሉ ቤተ መጻሕፍት | ትዕግሥት፣ ናሙና መምረጥ | ለአዲስ አበባ ነዋሪ ዝቅተኛ | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ |
| በዓልና ተቋም | ሰፈሩ፣ መዝገቡ | መመልከት፣ ፈቃድ ማግኘት | ዝቅተኛ | ለበዓል ከፍተኛ፣ ለእድር ዝቅተኛ | በዓሉ ከፍተኛ፣ እድሩ መካከለኛ |

ለማን የትኛው?

ሥራ ይዛችሁ በማታ ወይም በርቀት የምትማሩ ከሆነ ልብ ወለድ ወይም እድር። ቅዳሜና እሑድ ይበቃችኋል። ልብ ወለዱን ከመረጣችሁ ግን ከታወቁት መጻሕፍት ውጡ።

ዩኒቨርሲቲው ከትውልድ ቦታችሁ ሩቅ ሆኖ ለፋሲካ ወይም ለእረፍት አገር ቤት የምትሄዱ ከሆነ ሥነ ቃልን አስቀድሙ። ጉዞው ለማንኛውም የምትጓዙት ስለሆነ ተጨማሪ ወጪ የለም። ከመሄዳችሁ በፊት ፕሮፖዛሉ ባይጸድቅም እንኳ አማካሪያችሁን አስፈቅዳችሁ ቅጂ ጀምሩ፤ ያ ዕድል ተመልሶ ላይመጣ ይችላል።

አዲስ አበባ ያላችሁ የማስተርስ ተማሪዎች ጋዜጣውን ያዙ። ወደ ዶክትሬት መቀጠል የምታስቡ ደግሞ ጋዜጣን ከአካባቢ ታሪክ ወይም ከአንድ ልብ ወለድ ጋር አጣምሩ፤ ለሚቀጥለው ደረጃ መሠረት ይሆናችኋል።

የአብነት ተማሪ የነበራችሁ ቅኔና ብራና። በዚህ ላይ አላመነታም።

ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ አገር ቤት ካልመጣሁ አልሠራም አትበሉ። ብራናው በኢንተርኔት አለ። እስራኤል ለምትገኙ ከዚያም የበለጠ ሥራ አለ። በሱዳን በኩል በእግር የተጓዙትና በግንቦት 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን የተሻገሩት ቤተ እስራኤላውያን ትዝታቸውን የሚናገሩት በአማርኛና በትግርኛ ነው፤ የልጅ ልጆቻቸው ግን በዕብራይስጥ ነው የሚያድጉት። እስራኤል በ2008 እ.ኤ.አ. በሕግ ብሔራዊ በዓል ያደረገችውን ሲግድ ቄሶቹ በአገር ቤት እንዴት ያከብሩት እንደነበር ከአንደበታቸው መቅዳት የሚቻለው አሁን ነው። አማርኛ የምታውቁ ተማሪዎች ይህን ሥራ ለሌላ አትተዉት።

ሁለት ርዕስ መርጣችሁ ካመነታችሁ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ቀን ስጡ። ለሥነ ቃሉ አንድ ሰው ጠይቃችሁ አሥር ደቂቃ ቅዱና ገልብጡት። ለጋዜጣው አንድ እትም አስወጥታችሁ አንብቡ። ለልብ ወለዱ አንድ ምዕራፍ ላይ ሁለት ገጽ ትንተና ጻፉ። ከዚያ ሁለቱንም ናሙናዎች ይዛችሁ አማካሪያችሁ ቢሮ ግቡ። «ዓድዋ ላይ ልሥራ ወይስ ፉከራ ላይ?» ለሚል ተማሪ አማካሪ የሚሰጠው መልስ ግምት ነው፤ ሁለት ገጽ ማስረጃ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠ ተማሪ ግን ርዕሱ የት ጋ እንደሚጠብ፣ ምን እንደሚጎድለው፣ በስንት ሳምንት እንደሚያልቅ በዚያው ቀን ተነግሮት ይወጣል።